ስለ ክኒንና ስለ ጠበል፤ በማሊኖውስኪ የድንበር አሳብ ላይ የቀረበ ሒስ

ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ በ1925 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አስማት፣ ሳይንስና ሃይማኖት» የተባለውን ድርሰቱን ሲያወጣ፣ በዘመኑ ለነበረው ክርክር ትልቅ ውለታ ውሏል። ያልሠለጠኑ የሚባሉት ሕዝቦች ነገርን ከምክንያቱ ጋራ ማገናኘት አይችሉም ይባል ነበርና፣ እርሱ በትሮብሪያንድ ደሴቶች በዐይኑ ያየውን አቅርቦ ይህን ንቀት አፈረሰው። የደሴቱ ሰዎች ጸጥ ባለው በውስጠኛው ባሕር ዓሣ ሲያጠምዱ በዕውቀታቸው ብቻ ይተማመናሉ፤ አደጋና ዕድል ወደሚበዛበት ወደ ሰፊው ባሕር ሲወጡ ግን የአስማት ሥርዓት ይፈጽማሉ። ዕውቀት ባለቀበት ድንበር ላይ አስማት ይጀምራል ማለት ነው።

ደራሲው አስማትንና ሃይማኖትን ለያይቶ እንደሚያይ የታወቀ ነው፤ ጠበልንም አስማት የሚል ቢኖር ነገሩን አልመረመረም። ችግሩ ይህን የድንበር አሳብ ለእምነት ሁሉ በሚያውሉት ዘንድ ነው። አሳቡ እውነት ከሆነ፣ ዕውቀት በሰፋ ቍጥር እምነት እየጠበበ ይሄዳል፤ ሁለቱም አብረው የሚኖሩት ሳይንስ እስኪደርስ ድረስ ብቻ ይሆናል።

የእንጦጦ ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መታደል ጀመረ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ፈጽሞ ባያጠፋም እንዳይራባ ይገታዋል፤ ሕሙሙም ከአልጋው ይነሣል። እንግዲህ ሰፊው ባሕር በከፊል ወደ ውስጠኛው ባሕር ተለወጠ ማለት ይቻላል። ሆኖም ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጣው ሰው አልቀረም፤ ክኒኑን በኪሱ ይዞ የሚወጣ ብዙ ነበር። ለምን ቢሉ፣ ክኒኑ የማይመልሰው ጥያቄ ስላለ ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1937 ዓ.ም. ስለ አዛንዴ ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በጎተራው ምሳሌ አስረድቷል፦ ምስጥ ምሰሶውን እንደበላው ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠየቀው ግን በዚያች ሰዓት በነዚያ ሰዎች ላይ ለምን ወደቀ የሚለው ነው። እንጦጦ የሚወጣውም ሕሙም ከደዌው ጋራ ይቅርታን፣ ንስሓን፣ ከቤተሰቡም ጋራ መታረቅን ይሻል።

በዚህ ላይ ቆመው «እንግዲያስ ሳይንስ ለሥጋ፣ እምነት ለነፍስ፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ ይቀመጥ» የሚሉ አስታራቂዎች አሉ። እኔ ከነዚህም ጋራ አልስማማም። ሥጋው አንድ ነው፤ ማለዳውም አንድ ነው። ጠበል በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ሱባኤ የገባ ሰው ቀኑን የሚቈጥረው በጾምና በጸሎት ነው። ክኒኑም በበኩሉ በየቀኑ ሰዓቱ ሳይዛነፍ ይፈለጋል፤ ቢቋረጥ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይላመደዋል። ከዚህም በላይ፣ መድኃኒት ይዞ ጠበል መግባት የእምነት ጉድለት ነው ተብሎ ክኒናቸውን የተዉ ሰዎች ነበሩ። ግጭቱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው በዚህ ነው፤ የተነሣውም ከትምህርተ ሃይማኖት ሳይሆን የሕሙሙን ቀን ማን ያዝዘዋል ከሚለው ነው።

በ2012 ዓ.ም. ያረፉት ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ዓ.ም. ምእመናን መድኃኒቱንና ጠበሉን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ሲመክሩ፣ ያነሡት ይህንኑ የሥልጣን ጥያቄ ነበር። ምክሩም ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጣሪ ሥራ ያደርጋቸዋል። በላቦራቶሪ ማስረጃ ብቻ ያልተረታ ሰው፣ በራሱ መጽሐፍ ትርጓሜ ሊረታ ይችላል። ይህን የጤና ሠራተኛ ሁሉ ልብ ቢለው መልካም ነበር፤ «ኋላ ቀርነት» ብሎ መዝለፍ ሕሙሙን ክኒኑን ወደ መደበቅ ይመራዋል እንጂ አያስተምረውም።

የፓትርያርኩ ቃል ግን የማይደርስበት ሥፍራ አለ። ሁለቱንም ወስዶ የተሻለው ሰው በዐውደ ምሕረት ቆሞ ሲመሰክር ክኒኑን ይጠቅሰዋልን ወይስ ይተወዋል? ቢተወው፣ የሰማው ጎረቤቱ ነገ ምን ያደርጋል? ማሊኖውስኪ የዓሣ አጥማጆቹን ታንኳ በተመለከተበት ትጋት፣ የባህል ጥናት ተማሪዎቻችን ክኒኑ ከጠበሉ በፊት ወይም በኋላ እንደሚዋጥ፣ ሰዓቱን ማን እንደሚወስን፣ በምስክርነቱም ጊዜ የትኛው ቃል እንደሚቀር በየጠበሉ ሥፍራ ተገኝተው ይጻፉልን።