ማቆየት መሥራት ነውን? የኦሊቨር ኦዶኖቫን «የተወለደ ወይስ የተሠራ?» በወላይታ ሲነበብ

አንድ ወጣት አገልጋይ ለካንሰር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት ሶዶ ቢሮዬ መጣ። ከታጨ ስምንት ወሩ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱ መካን ሊያደርገው እንደሚችል ነግሮታል፤ ሕክምናው ሳይጀመር የዘር ፈሳሽን አቀዝቅዞ የማስቀመጥ ዘዴ እንዳለም ጠቅሶለታል። «መምህር፣ ኃጢአት ነው ወይ?» አለኝ። «ላንብብበትና እነግርሃለሁ» አልኩት። አንብቤ ስደውልለት ሕክምናውን ከጀመረ አሥር ቀን አልፎታል። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ያነበብኩት መጽሐፍ ሂስ ነው፤ የዘገየው መልሴም ነው።

ኦሊቨር ኦዶኖቫን እንግሊዛዊ የአንግሊካን የነገረ መለኮትና የሥነ ምግባር ምሁር ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1983 በለንደን ከሰጣቸው ንግግሮች ተዘጋጅቶ በ1984 ታተመ። ወቅቱ በሜሪ ዋርኖክ የሚመራው የመንግሥት ኮሚቴ የመካንነት ሕክምናንና የፅንስ ምርምርን ያጠና የነበረበት ነው። ርዕሱ የኒቅያን የእምነት መግለጫ ያስታውሳል፤ ወልድ ከአብ ተወለደ እንጂ አልተሠራም የሚለውን ትምህርት። ኦዶኖቫን ከዚህ ተነሥቶ እንዲህ ይሞግታል፦ የምንወልደው በባሕርይ እኛን የሚመስል ነው፤ የምንሠራው ግን በፈቃዳችን ሥር የሚውል ነገር ነው። ልጅን የእጃችን ሥራ አድርገን ማሰብ ከለመድን እኩያችን መሆኑን እንረሳለን። ስለዚህም በሦስተኛ ወገን ዘር መፀነስንና በፅንስ ላይ መመራመርን ይቃወማል። በባልና በሚስት መካከል የሚደረገውን የሕክምና እገዛ ግን ከእነዚህ ለይቶ በጥንቃቄ ይመዝነዋል።

የወላይታ ገበሬ ይህን ልዩነት ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። የተሻሻለ ዝርያ ለማግኘት የኮርማ አባላዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ተቀምጦ ገጠር ድረስ እንደሚመጣ ያውቃል። ኮርማው ይመረጣል፤ የምትወለደው ጊደርም በወተቷ ትመዘናለች። ስለዚህ የሰው ዘር ቀዝቅዞ ይቀመጣል ሲባል አንድ ሽማግሌ «እንደ ኮርማ?» ብለው ቢደነግጡ ልንስቅባቸው አይገባም። በአንዲት ቃል የኦዶኖቫንን ጥያቄ ጠይቀዋል።

ሂሴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዘዴው አንድ መሆኑ ድርጊቱን አንድ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1949 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግሊሰሪን የዘር ሕዋስን ከቅዝቃዜ ጉዳት እንደሚጠብቅ ደረሱበት፤ በ1953 ደግሞ ከቀዘቀዘ የሰው ዘር የተገኘ እርግዝና ከአሜሪካ ተዘገበ። ዛሬ ዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ለዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ታማሚው የሚመርጠው ኮርማ የለም፤ ደረጃ የሚያወጣለት ልጅም የለም። ያስቀመጠው የራሱን ነው፤ የሚያቆየውም ለገዛ ሚስቱ ነው። ማቆየት መሥራት አይደለም። የመጽሐፉ ትኩረት ልጅ የሚፈልጉ ሰዎች በቤተ ሙከራ ምን ያደርጋሉ በሚለው ላይ ነው። የእኛ ወንድም ጥያቄ ግን ከዚያ የቀደመ ነው፦ መዳኛዬ አባትነቴን ሊወስድብኝ ነውና ምን ላድርግ? መጽሐፉ ድንበሩን በሚገባ ያሳየናል፤ ወደ ድንበሩ ገና ያልደረሰውን ሰው ግን መንገድ ላይ ይተወዋል።

ከአገልጋዮቻችን የሚነሡ ተቃውሞዎችም አሉ። አንደኛው አውናን ነው። በዘፍጥረት 38 የአውናን በደል ለሟች ወንድሙ ዘር ላለማስቀረት ማፍሰሱ ነው፤ ታማሚው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የዘሩ አወሳሰድ ኅሊናን የሚከብደው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ አልንቀውም። ይህን ግን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ይነጋገርበት እንጂ ፍርድ አንጫንበት። ሁለተኛው «እግዚአብሔርን አለማመን ነው» የሚለው ነው። ዮሴፍ ከራቡ በፊት እህል ሲያከማች ግን እምነት ጎደለው ያለው የለም።

ኦዶኖቫን የሚያስፈልገን የባል ሞት ሲመጣ ነው። የተቀመጠ ዘር ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ሊቆይ ይችላል። የ1992ቱ የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ ከፈረሰ በ300 ቀናት ውስጥ የተወለደን ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጥራል። አባቱ ከሞተ ከዓመት በኋላ የተፀነሰው ከዚህ ግምት ውጭ ይቀራል። የዋርኖክ ሪፖርትም ከሞት በኋላ በዘሩ መጠቀም እንዳይበረታታ መክሯል። ሮሜ 7 የጋብቻ ማሰሪያ በሞት እንደሚፈታ ያስተምራልና፣ ባልየው ሲሞት ዘሩ እንዲወገድ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት እላለሁ። ያላገባም ሰው እንዲሁ ለወደፊት ሚስቱ ብቻ ያስቀምጥ። ያለዚህ ገደብ የተቀመጠው ዘር ቀስ በቀስ ማንም የሚያዝበት ዕቃ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌው ትክክል ይሆናሉ።

ከሁሉ የከበደው ሂስ ግን በእኛው ላይ ነው። በጸሎት ፕሮግራሞቻችን ልጅ ላጡ ስንጸልይ ማኅፀን እንዲከፈት እንጸልያለን፤ እጅ የሚጫነው በሴቲቱ ላይ ነው። ግማሽ በሚያህለው የመካንነት ችግር ግን የወንዱም ድርሻ አለበት። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል፤ በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው ነው። ሐኪሞቹ ባልንም ሚስትንም ሲመረምሩ፣ እኛ ገና ሚስትን ብቻ እየጠየቅን ነው። ልጅ ያልወለደ ሰው ጎዶሎ ነው የሚል ስብከት ካልተውን፣ ማቀዝቀዣው እርዳታ መሆኑ ቀርቶ አዳኝ ይሆናል። ያልደረሰበት ሰውም ተስፋ ቢስ ሆኖ ይቀራል።

ወንጌል ለዚያ ሰው ቃል አለው። የሐዋርያት ሥራ 8 ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ይነግረናል። ልጅ የማይወልደው ይህ ሰው በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረው ትውልዱ ስለማይነገርለት ባሪያ ነበር። ጥቅልሉን ትንሽ ቢገፋበት ኢሳይያስ 56 ላይ ይደርሳል፤ እግዚአብሔር ለጃንደረቦች በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጥ ተስፋ ወደሰጠበት።

ወጣቱ ሕክምናውን ጨርሶ ተመልሷል። መውለድ ይችል እንደሆነ ገና አልታወቀም። በቅርቡ መጥቶ «ለእጮኛዬ ልንገራት ወይስ ልቆይ?» አለኝ። በዚህኛው ጥያቄ ጊዜ አልወሰድኩም። «ዛሬውኑ ንገራት» አልኩት። «ከፈለጋችሁ እኔም አብሬአችሁ እቀመጣለሁ።»