ጦር የሚወረወረው በእግር ነው

የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች በደረሱ ቁጥር የእኛ ሰው ዓይን መሙ ላይ ይተከላል። በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ማን ማንን እንደተከተለ፣ ደወሉ ሲደወል ማን አፈትልኮ እንደሚወጣ አይተን አንጠግብም። በዚያው ሰዓት ከመሙ ወዲህ፣ ሣሩ ላይ፣ ሌላ ሥራ እየተሠራ ነው። ካሜራው ለአፍታ ዞር ብሎ አንድ ሰው ተንደርድሮ ጦር ሲለቅ ያሳየናል፤ ርቀቱ ይጻፋል፤ ምስሉ ወደ ሯጮቹ ይመለሳል። ያቺ አፍታ ሁልጊዜ ታንስብኛለች፤ ወርዋሪው ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ታንስብኛለች።

ዬጎ በዚህ ውድድር ሦስት ጊዜ ወርቅ ወስዷል፦ በ2011 ማፑቶ ላይ፣ በ2019 ራባት ላይ፣ በ2024 አክራ ላይ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሯጩን ኪፕቾጌ ኬይኖን ያፈራው የናንዲ ምድር ልጅ ነው። በዚያ አገር ጎበዝ ልጅ ይሮጣል፤ ጦር የሚያስተምር ሰው ግን በቀላሉ አይገኝም። እሱም ኢንተርኔት ካፌ እየገባ የቼኩን ያን ዜሌዝኒንና የኖርዌዩን አንድሬያስ ቶርኪልድሰንን ውርወራ በዩቲዩብ እያየ ተማረ። ይህ ታሪክ ብዙ ተወርቷል። ብዙም ያልተወራው፣ ከምስል ምን ያህሉን መማር እንደሚቻልና ምን ያህሉ እንደማይቻል ነው።

ዕቃው ራሱ ቀላል ነው። የወንዶች ጦር ከ800 ግራም ማነስ የለበትም፤ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ከ60 እስከ 2 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ነው። መሐሉ ላይ መጨበጫ ገመድ ተጠምጥሞበታል። መንደርደሪያው 4 ሜትር ይሰፋል። ሕጉ ጦሩ ከትከሻ በላይ እንዲወረወርና ሲወርድ ጫፉ ቀድሞ መሬት እንዲነካ ያዝዛል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስፈራ ክብደት የለም። ጡንቻው የፈረጠመ ሰው ሁሉ አንሥቶ ሊወረውረው ይችላል፤ 50 ሜትር ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዬጎ ሲነሣ ጦሩን ከትከሻው በላይ ይዞ ፊት ለፊት ይሮጣል። መሐል ላይ ሲደርስ እግሮቹ ሩጫቸውን ሳያቋርጡ ክንዱ ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ወገቡ ወደ ጎን ይዞራል፤ እግሮቹ እየተሻገሩ ይራመዳሉ። የመጀመሪያው የእጅ ሥራ እዚህ ላይ ይታያል። ክንድ ሲዘረጋ እጅ ወደ ታች መውደቅ ይወዳል፤ እጅ ከወደቀ የጦሩ ጫፍ ወደ ሰማይ ያፈጥጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ጉልበት አያድነውም። ጥሩ ወርዋሪ እጁን በትከሻው ቁመት አቆይቶ ጫፉን ከፊቱ አጠገብ ያቆየዋል። ይህን ከምስል መማር ይቻላል፤ ምስል ቅርጽን ያሳያልና።

ቀጥሎ የሚመጣውን ግን የትኛውም ስክሪን አያስተምርም። ከመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አንዱ ረዘም ይላል፤ ሰውነት ወደ ኋላ ዘንበል እንዳለ ቀኝ እግር ያርፋል፤ ወዲያው ግራው ወደፊት ይዘረጋና ተረከዙ መሬት ይመታል። ያ ግራ እግር መታጠፍ የለበትም። ተንደርድሮ የመጣው ሰውነት በሙሉ እዚያ እግር ላይ ይጋጫል። የቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል፦ ጅራፉ የሚጮኸው እጀታው ድንገት ሲቆም ነው። እዚህም ግራው እግር ሲቆም ፍጥነቱ ወደ ዳሌ ይወጣል፤ ዳሌው ሲቆም ወደ ደረት፤ ከደረት ወደ ትከሻ፣ ወደ ክርን፣ ወደ እጅ። ክንድ ከሁሉም መጨረሻ ይመጣል። ግራው መሬት ከመታበት እስከ ጦሩ መለቀቂያ ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ውስጥ ተራውን የዘለለ አካል ካለ፣ ለምሳሌ ክንዱ ቸኩሎ ከደረቱ ቢቀድም፣ ሩጫው ሁሉ ባከነ ማለት ነው። ዬጎ ይህን ተራ ያገኘው ብቻውን፣ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ እየፈለገ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ ዘመኑ ለወርዋሪ አይመችም። የምሥራቅ ጀርመኑ ኡቬ ሆን በ1984 ጦሩን 104 ሜትር ከ80 ካደረሰው በኋላ ስታዲየሙ ሊጠብ ደረሰ፤ ከ1986 ጀምሮ የወንዶች ጦር የክብደት ማዕከል 4 ሳንቲሜትር ወደፊት እንዲገፋ ተደረገ። አዲሱ ጦር አየር ላይ ብዙ አይንሳፈፍም፤ አፍንጫውን ቶሎ ይደፋል። ስለዚህ ርቀቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ከእጅ ሲወጣ ያለው ፍጥነት ሆነ። ዜሌዝኒ በ1996 ያስመዘገበው 98 ሜትር ከ48 እስከ ዛሬ ያልተነካውም በዚህ ጦር ነው።

ማፑቶ ላይ ዬጎ 78 ሜትር ከ34 ወርውሮ አሸነፈ። በዓለም ደረጃ ሲታይ መካከለኛ ቁጥር ነው፤ ለእሱ ግን በር ከፈተለት። ፊንላንድ ውስጥ ኩኦርታኔ በሚባል ቦታ፣ በአሠልጣኝ ፔተሪ ፒሮነን ሥር የመሠልጠን ዕድል አገኘ። አራት ዓመት ቆይቶ በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና በሦስተኛ ሙከራው 92 ሜትር ከ72 ወረወረ፤ የአፍሪካ ክብረ ወሰን ሆነ።

ያንን ውርወራ ያየ ሰው የሚያስታውሰው አወዳደቁን ነው። ጦሩን እንደለቀቀ በደረቱ መሬት ላይ ይዘረጋል። ስሜት ያሸነፈው ይመስላል። ጥብቅ መምህር ቢያየው፣ «ፍጥነቱ በሙሉ ወደ ጦሩ አልገባም፤ የተረፈው ነው የጣለህ» ይለዋል፤ እውነትም አለው። ቢሆንም አወዳደቁ ራሱ የተለካ ሥራ ነው። የመንደርደሪያውን ማብቂያ መስመር ከነካ ሙከራው ይሠረዛል፤ ስለዚህ ጦሩን የሚለቅቀው ለመውደቂያ የሚበቃ ቦታ ከፊቱ አስቀርቶ ነው። መስመሩ ጥግ ድረስ ሮጦ በፍርሃት ከሚቆም ወርዋሪ ይልቅ፣ ርቀቱን ከፍሎ ሰውነቱን ሳይሰስት የሚለቅቀውን እመርጣለሁ። የከፈለውን ሜትር ጦሩ ይመልስለታል።

በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ቁርጭምጭሚቱ ቢጎዳም፣ በመጀመሪያ ሙከራው በወረወረው 88 ሜትር ከ24 የብር ሜዳልያ ወሰደ። ቁርጭምጭሚት ለሌላ ሰው መጠነኛ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ከእግር ለሚነሣ ሰው ግን መሠረቱ ነው። ራባት ላይ 87 ሜትር ከ73 ሲያስመዘግብ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አስታውሳለሁ። ከቁጥሩ በስተጀርባ መሬት መትቶ ያልታጠፈ እግር አለና።

አክራ ላይ 35 ዓመቱ ነበር። 81 ሜትር ከ74 ወረወረ፤ ከቤጂንጉ ወደ 11 ሜትር ያንሳል። ዕድሜ ከወርዋሪ መጀመሪያ የሚወስደው የመንደርደሪያውን ፍጥነትና የትከሻውን ልስላሴ ነው። የተራው ሥርዓት ግን፣ ግራ እግር፣ ዳሌ፣ ደረት፣ ክንድ፣ አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። በዚያ ቀን ከአህጉሩ ወርዋሪዎች ሁሉ አንደኛ ለመሆንም በቅቶታል።