ሸክላ አፈርና ባዮዲዝል፦ በምርምር ዘገባዎች አቀራረብ ላይ የቀረበ ሂስ

ከዕፅዋት ዘይት ባዮዲዝል ለማውጣት ሸክላ አፈርን በካታሊስትነት፣ ማለትም በአፋጣኝነት፣ ስለ መጠቀም የሚጻፉ ዘገባዎች እየበዙ መጥተዋል። አፈሩ ርካሽ ስለ ሆነ ነዳጁም ይረክሳል የሚለው አስተያየት በብዙዎቹ ዘንድ ይታያል። በአገራችንም ካኦሊን በቦምቦዋ፣ ቤንቶናይት በአፋር ስለሚገኝ ሐሳቡ ይማርካል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥረቱን ለማጣጣል ሳይሆን፣ መደምደሚያው ከማስረጃው የቀደመ መሆኑን ለማመልከት ነው።

ዘይት ከሜታኖል ጋር ሲዋሐድ ባዮዲዝልና ግሊሰሪን ይገኛል። በተለመደው አሠራር አፋጣኙ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ይህም ፈጣን ቢሆንም፣ በዘይቱ ውስጥ ካለው ነጻ የቅባት አሲድ ጋር ሳሙና እየፈጠረ ምርቱን ለመለየት ያስቸግራል፤ ተመልሶም ለሥራ አይውልም። ጠጣር ካታሊስት የሚመረጠው ተጣርቶ እንደ ገና ስለሚያገለግል ነው። እንግዲህ ዋጋው የሚመዘነው በመጀመሪያው ዙር ምርት ሳይሆን በአምስተኛውና በዐሥረኛው ዙር ውጤት መሆን ሲገባው፣ በዘገባዎቹ ጎልቶ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዙር በመቶኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዩጂን ሁድሪ በአሲድ የታከመ ሸክላን ለፔትሮሊየም ማጣሪያ ሲያውል፣ ሥራውን ለኢንዱስትሪ ያበቃው በአፈሩ ላይ የሚጋገረውን ካርቦን አቃጥሎ ካታሊስቱን ማደስ መቻሉ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የሚሠራው ነገር ምን እንደ ሆነ አለመለየቱ ነው። ያልታከመ ሸክላ ለዚህ ሥራ ደካማ በመሆኑ፣ ካኦሊን ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተኮሳል፤ ብዙ ጊዜም የፖታሲየም ውሁድ ይጨመርበታል። ፖታሲየሙ በሜታኖሉ ውስጥ ከሟሟ፣ ሥራውን የሚሠራው እርሱ እንጂ አፈሩ አይደለም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አፈሩን በሥራው መካከል በትኩሱ አጣርቶ ማውጣትና ውሕደቱ መቀጠል አለመቀጠሉን መመልከት። ይህን ፈተና የዘለለ ዘገባ የርእሱን ተስፋ አልፈጸመም።

ሦስተኛው፣ ሙከራው በተጣራ የምግብ ዘይት ተካሂዶ ተስፋው ለጃትሮፋና ለጉሎ መሰጠቱ ነው። በአያያዝ ጉድለት የተበላሸ የጃትሮፋ ፍሬ ዘይት ነጻ አሲዱ ስለሚበዛ የሳሙናው ችግር ይመለሳል፤ የጉሎ ዘይት ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ሪሲኖሌይክ አሲድ ስላለው ባዮዲዝል ከሆነ በኋላም ውፍረቱ አይለቀውም።

ከሁሉ በላይ፣ ከባዮዲዝል ወጪ አብዛኛውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአገራችን የባዮፊዩል ስትራቴጂ በጃትሮፋ ላይ ብዙ ተስፋ ጥሎ ነበር፤ በርካታ እርሻዎች ግን የታሰበውን ፍሬ ሳይሰጡ ተትተዋል። የጎደለው የዘይት ምርት እንጂ ካታሊስት አልነበረም።

ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ገንዘብ ከመመደቡ በፊት አፈሩ ስንት ዙር እንዳገለገለ፣ ለመተኮሻው ምን ያህል ማገዶ እንደ ጠፋ፣ ዘይቱም ከየት እንደሚመጣ ሊጠይቅ ይገባል። መምህሩም ይህን ርእስ ሲያስተምር፣ ተማሪው አንድን የምርት መቶኛ ከመቀበሉ በፊት እንዴት እንደ ተገኘ መጠየቅን ቢለምድ፣ ከቀመሩ የበለጠ ትምህርት ያገኛል።