ሁለት ጊዜ ስም ስለ ወጣለት ድንጋይ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ መርካቶ ወርደህ ምናለሽ ተራን ያየህ እንደ ሆነ፣ አሮጌ ነገር በከንቱ ወድቆ እንደማይቀር ትረዳለህ። የዘይት በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል፤ በሌላ ሰፈር ውዳቂ የተባለው እዚያ ሲደርስ ስም ይወጣለታል፣ ዋጋም ይቆረጥለታል። ይህን የገበያተኛ ጥበብ እኔ እጅግ አደንቃለሁ። ዛሬ ልነቅፍ የተነሣሁት የዚህን ጥበብ ክፉ ታናሽ ወንድም ነው። ይኸውም ትናንት እንፈራው የነበረውን ጥንታዊ ድንጋይ ዛሬ «ቅርስ» ብለን ስም አውጥተን፣ ምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ዋጋ የምንቆርጥበት ልማድ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የግድግዳ ጨርቅ ነው። በሸማ ተራ አጠገብ፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው አንድ የሶዶ ሽማግሌ ሱቅ አላቸው። በልጅነታቸው ወደ መርካቶ መጥተው፣ መጀመሪያ ሸክም ተሸክመው፣ ቀጥሎ በመደብ ቸርችረው፣ በመጨረሻ ባለ ሱቅ የሆኑ ሰው ናቸው። አሁን ሱቁን የሚያስተዳድረው ልጃቸው ነው፤ እሳቸው በር ላይ ተቀምጠው የሚገባ የሚወጣውን ያያሉ። ልጁ ለአገር ጎብኚዎችና ከውጭ አገር ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን የሚሸጥ የግድግዳ ጨርቅ አሠርቶ ነበር። በጨርቁ ላይ የታተመው ሰይፍ የተቀረጸበት የቲያ ትክል ድንጋይ ነው፤ ከሥሩም «ዓለም ያደነቀው ቅርሳችን» የሚል ተጽፎበታል። እኔ በገባሁበት ጧት ሽማግሌው ጨርቁን ገልብጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሰውት አገኘሁ። ልጁ ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም።

«ይህ የግራኝ ድንጋይ ነው» አሉኝ። «እኛ ልጆች ሆነን ከብት ስንጠብቅ፣ ከመሸ በዚያ በኩል አናልፍም ነበር። አንድ ጎረቤታችን ለቤቱ ደፍ ብሎ ከዚያ መስክ ድንጋይ ቢያመጣ ሴት ልጁ ታመመችበት፤ በሌሊት ተሸክሞ መለሰው። ታዲያ እኔ አሁን ይህን ሱቄ ውስጥ ሰቅዬ በሰላም ልውል ነው?»

እኔም እንደ ተማረ ሰው ሣቅሁ። ይህን ሣቅ ልብ ብለህ ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቲያ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሶዶ ትንሽ ከተማ ናት። በአጠገቧ 36 ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። በአንዳንዱ ላይ ሰይፍ፣ በአንዳንዱ ላይ ክብ ምልክት፣ በሌላውም ሥር ወይም ቅርንጫፍ የመሰለ ነገር ይታያል። በሶዶ ምድር እንዲህ ያለ ጥንታዊ ሥፍራ 160 ያህል ተቆጥሯል። አባ አዛይስ የተባሉት ፈረንሣዊ መነኩሴ ከጓደኛቸው ከሻምባር ጋር በአገሪቱ ተዘዋውረው ስለ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች የጻፉት መጽሐፍ በ1931 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1935 የጀርመን ተመራማሪዎች ቲያን ጎበኙ። ከዚያ በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬና ሮዤ ዡሶም የተባሉት ፈረንሣውያን የምድር ቁፋሮ ሊቃውንት በሶዶ ብዙ ደከሙ። በ1980 ዩኔስኮ ቲያን በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ከዚያ ወዲህ የግራኝ ድንጋይ የተባለው በጉዞ መጽሐፍ ገብቶ፣ በፖስት ካርድ ታትሞ፣ እነሆ እስከ ሸማ ተራ ድረስ መጣ።

ቁፋሮው ያሳየው ግን ከፖስት ካርዱ የሚበልጥ ነገር ነው። ከድንጋዮቹ ሥር ያለው መቃብር ነው። የተቀበሩት ሰዎች በእናታቸው ማሕፀን እንዳለ ሕፃን ተጣጥፈው የተጋደሙ፣ አብዛኞቹም ወጣቶች ናቸው። መቃብሮቹ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተሠሩ መሆናቸውን ሊቃውንቱ ገምተዋል። ኢማም አሕመድ፣ በእኛ ዘንድ ግራኝ የሚባለው፣ የተዋጋው ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ እሱ ከመወለዱ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ድንጋዮቹ እዚያው ቆመው ነበር ማለት ነው። በላያቸው ያለው ሰይፍ የግራኝ ሰይፍ አይደለም።

ይህን ለማታ ተማሪዎቼ ስነግር አንድ ነገር አስተዋልሁ። እኔ የማስተምራቸው ልጆች ቀን በገበያው ሲሠሩ የሚውሉ ናቸው፤ የእስላሙም የክርስቲያኑም ልጅ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ደወል በአንድ መስኮት ይገባልናል። «የግራኝ ድንጋይ» የሚለውን ስም በሰሌዳው ላይ በጻፍሁ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አነሣና፣ «መምህር፣ በአገራችን የፈረሰውና የሚያስፈራው ነገር ሁሉ የእኛ ነው እንዴ?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ በድካም ነበር እንጂ።

በእውነት ምን ብዬ እንደምመልስለት ቸገረኝ። ኢማም አሕመድ አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠሉ በታሪክ የተጻፈ ስለ ሆነ አልክደውም። ነገር ግን አንድ ሰው አቃጠለ ማለት የቆመ ድንጋይ ሁሉ የእሱ፣ የወደቀ ግንብ ሁሉ በእሱ እጅ ነው ማለት አይደለም። ልጁ ከተናገረ በኋላ ባሰብሁበት መጠን የአገራችን ትውፊት ለሥራ ባለቤት ሲሰጥ እንዴት እንደሚያዳላ ታየኝ። ያማረውን ለመላእክት ሰጠን፤ የላሊበላን አለት መላእክት በሌሊት እየወረዱ ሲያግዙ ጠረቡት እንላለን። የሚያስፈራውንና የፈረሰውን ለግራኝ ሰጠን። ጨርቁ ላይ ደግሞ ያደነቀን ዓለም ስለ ሆነ ምስጋናው ለፈረንጅ ሆነ። በመካከሉ መሮና መዶሻ ይዞ ላቡን ያፈሰሰው የአገሬ ሰው የት ገባ? የሶዶ ጠራቢ ወንድሙ ሞቶበት፣ ድንጋይ ፈልጦ፣ ጎትቶ፣ ቀርጾ አቆመ። ለዚያ ሰው አንድም ስም አላወጣንለትም።

ይህ ጥፋት የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪቃ በኩል ታላቋ ዚምባብዌ የምትባለውን የድንጋይ ከተማ የእንግሊዝ ሰፋሪዎች ባዩ ጊዜ፣ ጥቁር ሰው ይህን ሊሠራ አይችልም ብለው አንዴ ለፊንቄዎች፣ አንዴ ለንግሥተ ሳባ ሰጧት። ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን የተባለች እንግሊዛዊት በ1929 ቆፍራ የአፍሪቃውያን ሥራ መሆኗን ብታስረዳም ሰፋሪዎቹ ለብዙ ዓመት አልተቀበሏትም። ኋላ ያ ሕዝብ ነፃ ሲወጣ ለአገሩ ያወጣው ስም የዚያችው ፍርስራሽ ስም ነው። ዓመቱም 1980 ነበር፤ ቲያ የተመዘገበችበት ዓመት መሆኑ ነው። እነሱ ድንጋዩን ከሌላ ሰው እጅ ተከራክረው አስመለሱ። እኛ የቀማን ሳይኖር በገዛ አፋችን ሰጥተናል።

ስም ነገር ነው፤ በተለይ የመርካቶ ሰው ይህን ማወቅ ይገባዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደዚህ የተዛወረው ፈረንጁ ከአገሬው ሰው ጋር እንዳይደባለቅ ተብሎ ነበር። ስሙንም በቋንቋቸው የአገሬው ሰው ገበያ አሉት። ከዚያ የቀረልን «ገበያ» የሚለው የጣሊያን ቃል ብቻ ነው፤ ዛሬ መርካቶ ስንል ደረታችንን ነፍተን ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ግን ስሙ ከየት እንደ መጣ አያውቁም ነበር።

ልጁ ያነሣው ጥያቄ ዕረፍት ቢነሣኝ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ቲያ ለመሄድ ቆረጥሁ። ሽማግሌውን ብለምናቸው መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ በኋላ «ለዘመድ ጥየቃ ልሂድ እንጂ ወደ ድንጋዩስ አልገባም» ብለው አብረውን ተሳፈሩ። አለም ገናን አልፈን፣ በመልካ ቁንጡሬ አዋሽን ተሻግረን ቲያ ደረስን። ሽማግሌው እንዳሉት ከአጥሩ ውጭ ቀሩ።

ተማሪዎቼ እንደ ገቡ ፎቶግራፍ ለመነሣት ተሽቀዳደሙ። አንዱ ከቆመው ድንጋይ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደግፎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሠርገኛ ሆኖ ተነሣ። ሌላው ከወደቀው ላይ ተቀመጠ። እኔም ዝም አልሁ፤ እንዲያውም ከመካከላቸው ቆሜ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ወደ አጥሩ ብመለከት ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

ያን ጊዜ ያ ሣቄ ትዝ አለኝ። አንባቢዬ፤ ከሁላችን መካከል በመቃብር ፊት እንደ ቆመ ሰው የቆሙት፣ ፊደል ያልቈጠሩትና የፈሩት ሰው ብቻ ነበሩ። እኔ ከመጽሐፍ ያወቅሁት፣ መቃብር መሆኑን በሰሌዳ ላይ የጻፍሁት፣ ከሟቾች ራስ በላይ ቆሜ ፎቶግራፍ ተነሣሁ። ያ ጎረቤታቸው በሌሊት ተሸክሞ የመለሰውን ድንጋይ አሰብሁ። ስንቱ ቤት፣ ስንቱ የከብት በረት በነዚያ ድንጋዮች ሊሠራ በቻለ ነበር! ዩኔስኮ ሳይመጣ፣ አጥር ሳይታጠር፣ ጥበቃ ሳይቀጠር የጠበቃቸው ያ እኔ የሣቅሁበት ፍርሃት ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ፍርሃት ይህን ያህል ከተናገርሁ ሌላውንም መናገር አለብኝ። ፍርሃት የማይታመን ዘበኛ ነው። በእንግሊዝ አገር ኤቭበሪ በተባለ መንደር የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ታላላቅ ድንጋዮች ነበሩ። በመካከለኛው ዘመን የአገሩ ሰዎች ብዙዎቹን እየገፉ ጥለው ቀበሯቸው፤ የአረማውያን ሥራ ስለሆኑ ፈርተዋቸው ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ፍርሃቱ ሲለቃቸው በእሳት እያጋሉ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ ሰነጣጥቀው ቤት ሠሩባቸው። ዛሬ ያ መንደር የዓለም ቅርስ ሆኖ ሰው ከየአገሩ ሊያየው ይመጣል፤ ከድንጋዮቹ ግን የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። የፈራ ሰው ያስቀምጣል፤ ድንገት ሲደፍር ደግሞ ያፈርሳል፤ በሁለቱም ጊዜ ምን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ተማሪዎቼን ሰብስቤ የተቀበሩት አብዛኞቹ እንደ እነሱ ያሉ ወጣቶች መሆናቸውን ነገርኋቸው። ይህን አስቀድሜ በክፍል ውስጥ ብያቸው ነበር፤ እዚያ ግን ለሥዕል እንጂ ለሰው የተነገረ አልመሰላቸውም ነበር። የተቀመጠው ልጅ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። ያ ከኋላ አግዳሚ የጠየቀኝ ልጅ ሰይፉ ወደተቀረጸበት ድንጋይ ቀርቦ ብዙ ጊዜ ቆመ፤ ስለ ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።

ወደ አጥሩ ሄጄ ለሽማግሌውም ይህንኑ ነገርኋቸው። የግራኝ አለመሆኑን፣ ከእሱ በፊት የነበሩ የዚሁ አገር ሰዎች መሆናቸውን፣ ልጆች መሆናቸውን። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ጨፈገገ።

«ሰው ናቸው?» አሉኝ።

«ሰው ናቸው ጋሼ።»

«እንግዲያ ስንት ዘመን ሙሉ ነፍስ ይማር ሳንል አለፍን በለኛ!» አሉና ባርኔጣቸውን እንደያዙ በአጥሩ በር ገቡ። በድንጋዮቹ መካከል በዝግታ ሲሄዱ፣ እግራቸውን የሚያሳርፉበትን እያዩ ነበር። አንድም ድንጋይ አልነኩም።

በመጽሐፎቻችንና በማስታወቂያዎቻችን «ምሥጢራዊ» እና «አስደናቂ» የሚሉትን ቃላት ባየሁ ቁጥር እኒያ ሽማግሌ በጥንቃቄ የረገጡት ሣር ይታየኛል። ቅርጹ ምን እንደሚል ዛሬም አከራካሪ ነው፤ ይህን ምሥጢር ማለት ያስኬዳል። መቃብር መሆኑ ግን ምሥጢር አይደለም። ታዲያ በፖስት ካርድ ላይ ከ36 እና ከ1980 ቀጥሎ ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ ምን ቸገረን? ጎብኚ ይሸሻል ብለን ከሆነ፣ ወደ ግብፅ ፒራሚድ የሚጎርፈው ሰው የሚያየው መቃብር መሆኑን አያውቅም ይሆን?

በማግሥቱ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ሽማግሌው ልጃቸውን አስጠርተው፣ በጨርቁ ሥር ያለው ጽሑፍ እንዲለወጥ ያዙ ነበር። «የሶዶ ወጣቶች መቃብር ብለህ አስጽፍ፤ መምህሩ ያርምልሃል» ይሉታል።

ልጁ ራሱን ያዘ። «አባባ፣ መቃብር የሚል ጨርቅ ማን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅላል?»

«አንዱን እኔ እገዛሃለሁ» አሉ፤ ወደ ኪሳቸውም ገቡ። ልጁ ዋጋውን ሲነግራቸው ግን እጃቸውን ከኪሳቸው መልሰው አወጡና፣ ይህማ ለፈረንጅ የተቆረጠ ዋጋ ነው፣ ለአገሩ ሰው ቀንስ ብለው ክርክር ገጠሙ። እኔ ወጥቼ ስሄድ ገና አልተስማሙም ነበር፤ ጨርቁ ግን ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ ተሰቅሏል።