ይህን ያሳተመው ማን ነው?

ከማክ ወይም ከሊኑክስ ኮምፒውተር ፕሪንት ያደረገ ሰው፣ ስሙን ሰምቶት ባያውቅም በካፕስ ተገልግሏል ማለት ይቻላል። ማይክል ስዊት ይህን የኅትመት ሥርዓት ያወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2007 ደግሞ አፕል እሱንም ቀጠረው፣ የፕሮግራሙንም ባለቤትነት ገዛ። እኔን ሁልጊዜ የሚማርከኝ ግን በውስጡ ያለው ፔጅ ሎግ የሚባለው መዝገብ ነው፤ ማን ምን እንዳሳተመ የሚሰፍርበት።

አንዱን መስመር ቀረብ ብለን እንየው። ሲጀምር የፕሪንተሩ ስም፣ ቀጥሎ ያዘዘው ሰው የተጠቃሚ ስም፣ ከዚያ የሥራው ቁጥር። በካሬ ቅንፍ ውስጥ ቀኑና ሰዓቱ፣ ከግሪንዊች ሰዓት ያለው ልዩነት ሳይቀር። ከዚያ ገጹና ቅጂው፣ ወጪው የሚታሰብበት መለያ፣ ትእዛዙ የተነሣበት ኮምፒውተር፣ የሰነዱ ርዕስ፣ የወረቀቱ ልክ፣ በአንድ ገጽ ወይስ በሁለቱም ገጽ መታተሙ። የወጪ መለያ ካልተሰጠ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ አንዲት ሰረዝ ትገባበታለች። የሠሪው ጥንቃቄ ለእኔ ጎልቶ የሚታየው በዚህች ሰረዝ ላይ ነው። እሷ ባትኖር የኮምፒውተሩ ስም ወደ ግራ ተንሸራቶ የወጪ መለያ መስሎ ይነበብ ነበር፤ የወሩ ሂሳብም ሳይታወቅ ይበላሽ ነበር።

በመዝገቡ ላይ ያለው ስም እውነተኛ መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ረቂቁ ሥራም እዚህ ላይ ነው። በቀድሞው አሠራር፣ በነሐሴ 1990 አካባቢ አርኤፍሲ 1179 በተባለው ሰነድ እንደተጻፈው፣ ከሚታተመው ፋይል ጋር ሌላ አጭር ፋይል አብሮ ይላካል። የዚህ ፋይል እያንዳንዱ መስመር በአንድ ፊደል ይጀምራል፦ ኤች ለኮምፒውተሩ፣ ፒ ለተጠቃሚው፣ ጄ ለሥራው ስም። ላኪው የሚነሣበት የኔትዎርክ በር ከ721 እስከ 731 ካሉት አንዱ መሆን አለበት። በዩኒክስ ላይ ከ1024 በታች ያለውን በር የሚከፍት የሥርዓቱ አስተዳዳሪ ብቻ ስለነበር፣ ተራ ተጠቃሚ በሰው ስም ቀጥታ ማዘዝ አይችልም ነበር። በጊዜው ብልህ መላ ነበር። በየጠረጴዛው የግል ኮምፒውተር ሲቀመጥና ሁሉም የራሱ አስተዳዳሪ ሲሆን ግን ያ አጥር ፈረሰ።

ካፕስ የተመሠረተበት አይፒፒ የተባለው ደንብ መፍትሔውን ያገኘው ስሙን ለሁለት በመክፈል ነው። አንዱ ጠያቂው ራሱ ነኝ የሚለው ስም ነው። ሌላው ትእዛዙን የሚቀበለው ሰርቨር በሥራው ላይ የሚጽፈው የባለቤቱ ስም ነው። ሰርቨሩ ማንነቱን በይለፍ ቃል ወይም በመሳሰለው መንገድ ካረጋገጠ የሚጽፈው ያረጋገጠውን ስም ነው፤ ነኝ ባዩን የሚቀበለው ሌላ ምንም ሲያጣ ብቻ ነው። በቃልና በማስረጃ መካከል ያለውን ልዩነት እንዲህ አጥርቶ በደንብ ያሰፈረ ሰው ሙያውን የሚያውቅ ነው።

የኅትመት ወረፋውም ሰውን እንዳያጋልጥ ታስቧል። ባልደረባህ ወረፋውን ቢከፍት ሥራ እንዳለ ያያል፤ «የሥራ መልቀቂያ» የሚለውን ርዕስና የአንተን ስም ግን የካፕስ ቅንብር ካልተለወጠ በቀር አያይም። እነዚህን የሚያየው ባለቤቱና አስተዳዳሪው ነው።

በቅርብ ዓመታት እትሞች ይህ መዝገብ ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የአመዘጋገቡ ቅርጽ በማዋቀሪያው ፋይል ካልተጻፈ አንድም መስመር አይሰፍርም። የጋራ ፕሪንተር የምታስተዳድሩ ባለሙያዎች፣ ክፈቱት። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ሰርቨሩ ማንነት እንዲያረጋግጥ አድርጉ፤ ሠራተኛውም ምን እንደሚመዘገብበት አስቀድሞ ይነገረው።