የሐዋርያት ሥራ 15ኛው ምዕራፍ እንዴት እንደሚተረጐም

በቤተ ክርስቲያን ጠብ በተነሣ ጊዜ ሁሉ መምህራን የሐዋርያት ሥራ 15ኛውን ምዕራፍ ያነባሉ፤ ማንበባቸውም የተገባ ነው። ነገር ግን ትርጓሜውን ከፍርዱ ይጀምሩታል፤ ከፍርዱ በፊት ብዙ ክርክር እንደ ነበረ የሚናገረውን 7ኛውን ቍጥር ይዘሉታል። ስለዚህ ሰሚው፦ አንድነት ማለት አንዱ ሲያዝ ሌላው ዝም ሲል ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ትርጓሜ ጐደሎ ነው።

ጐደሎነቱንም የሸዋ አገራችን ቀምሶታል። በ1840 ዓ.ም. ያረፉት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሦስት ልደት የሸዋ ሃይማኖት ይሁን ብለው ባዘዙ ጊዜ፥ በመንዝ ሁለት ልደት ብለው በጸኑ ካህናት ላይ መከራ መጣ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፥ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፥ በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው ሁለት ልደትን አጸኑ፤ ተራው የሌላው ሆነና እምቢ ያሉት ተቀጡ። በቦሩ ሜዳ የጸናውን ሃይማኖት አልነቅፍም፥ ሃይማኖቴ ነውና። የምነቅፈው ቅጣቱን ከሐዋርያት ጉባኤ ጋር የሚያስተካክለውን ስብከት ነው።

በኢየሩሳሌምስ ማን ተቀጣ? ከፈሪሳውያን ወገን ያመኑት ተከራከሩ፥ ተረቱም፤ ተባረሩ የሚል ግን አልተጻፈም። ደብዳቤውም ብቻውን አልተላከም። ይሁዳና ሲላስ ይዘውት ወደ አንጾኪያ ወረዱ፥ በዚያም ሰንብተው ወንድሞችን አጽናኑ። አዋጅ ነጋሪ ጮኾ ይመለሳል፤ እነዚህ ግን ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ። (ስለ ያዕቆብ ቃል ብዙ ሐተታ አለ፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እናቈየዋለን።)

በዘመናችን ወደዚህ ሥርዓት የቀረበው የሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቅ ይመስለኛል። ነገሩ የመንበር እንጂ የሃይማኖት አልነበረምና ምሳሌውን እስከ መጨረሻ አልገፋውም። ነገር ግን ሩብ ምእት ዓመት ያህል ተለያይተው የኖሩት፥ በአገር ቤትና በውጭ የነበሩት ሁለቱ ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ሲታረቁ፥ አንዱን ፓትርያርክ ሽረው ሌላውን አላነገሡም። የአቡነ መርቆሬዎስም የአቡነ ማትያስም ስም በጸሎት እንዲጠራ ወሰኑ፤ አቡነ መርቆሬዎስም በየካቲት 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በአገራቸው ኖሩ። ተሸናፊ ሳይኖር የተፈጸመ እርቅ በታሪካችን ጥቂት ነው።

በዚያው ምዕራፍ ፍጻሜ ጳውሎስና በርናባስ ስለ ማርቆስ ተጣልተው ተለያዩ። ጳውሎስ ግን ወደ ጢሞቴዎስ በላከው በሁለተኛው መልእክት ማርቆስን ይዞለት እንዲመጣ ይለምነዋል። መምህራን ሁለቱን ንባብ ለየብቻ ይተረጕሟቸዋል፤ በአንድ ቀን፥ በአንድ ጉባኤ፥ አንዱ ከሌላው ተያይዞ ሊተረጐም በተገባው ነበር።