ቆራሌው እና መንኮራኩሩ፦ የሚጌል ላንሶ ፊልሞች ከነቀምቴ ሲታዩ

ነቀምቴ በሚገኘው የወለጋ ሙዚየም ከቤት ቁሳቁሱና ከአልባሳቱ ጋር የጣሊያን ጦር አውሮፕላን ስብርባሪ ተቀምጧል። ጣሊያንን የተዋጉት የጥቁር አንበሳ አርበኞች የጣሉት ነው። ለብቻው ሲታይ የተጣመመ ብረት ነው፤ ለቆራሌ ቢሸጥ ዋጋው በኪሎ ይሰላል። የሚያስከብረው ከየት እንደመጣና ማን እንዳወረደው የሚናገር ሰው መኖሩ ነው።

አንድ ስፔናዊ ዳይሬክተር በኢትዮጵያ ምድር፣ በአማርኛ የሠራውን ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልም ስመለከት ይህ ብረት ከዓይኔ አልጠፋም። ፊልሙ «ክረምብስ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ዳይሬክተሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ማድሪድ የተወለደው ሚጌል ላንሶ ነው። ላንሶ ለዘውጉ ያበረከተው ትልቁ ነገር የተጣለ ዕቃን የታሪኩ እምብርት ማድረጉ ነው። ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው፦ ዕቃውን ሲያነሣ ባለታሪኩን ይጥለዋል። ይህ ጉድለት ከፊልም ወደ ፊልም እየሰፋ ሄዷል የሚል ክርክር አለኝ።

የአማርኛ ሲኒማ አብዛኛውን ጊዜ በፍቅርና በኮሜዲ ሲመላለስ የኖረ ነው። አስፈሪ ፊልምና ሳይንሳዊ ልቦለድን ተመልካቹ ያወቀው ከውጭ በመጡ ሥራዎች ነው፤ በክፍለ ሀገር ከተሞች ደግሞ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ። መንኮራኩሩም ጭራቁም የሌላ አገር ሰማይና የሌላ አገር ቋንቋ ነበራቸው። ላንሶ ይህን ልማድ ሰበረ። የጠፈሩን መርከብ ከእኛ ጣሪያ በላይ አንጠለጠለው፣ ጀግናውንም አማርኛ አናገረው።

ፍንጩ ከ«ክረምብስ» በፊት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራው «ቺገር ኤል» የተባለ አጭር ፊልም ሂትለር የሚባል ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ያለው የአዲስ አበባ የምሽት ቅዠት ነው። የወጣው «ፋንታ አናናስ» በሚል የብዕር ስም ነው። የለስላሳ መጠጥ ስም የደራሲ ስም ሆነ ማለት ነው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን የኋለኛው ሥራ ዘዴ በሙሉ በዚህ ቀልድ ውስጥ አለ፦ የገበያ ዕቃን ከመደርደሪያው አንሥቶ ያልታሰበለት ማዕረግ ላይ ማስቀመጥ።

«ክረምብስ» እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ቀረበ። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ነው። ዓለም ካለፈች በኋላ የቀረው ዘመን ነው። በሰማይ ላይ ለረጅም ጊዜ ተገትሮ የኖረ መንኮራኩር እንደገና የመንቀሳቀስ ምልክት ያሳያል። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ቁመተ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ ሰው ከፍቅረኛው ከበርዲ (ሰላም ተስፋዬ) ጋር በተተወ የቦውሊንግ ቤት ይኖራል። የሞቱ ማሽኖች በራሳቸው መነሣት ሲጀምሩ መልስ ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገዱም ጠንቋይ፣ የገና አባትና የናዚ ልብስ የለበሰ አሳዳጅ ያገኛል። የፊልሙ ፍርሃት ከደም አይመጣም። ጠፍቷል ያልነው ማሽን ማታ ማታ ሲንቀሳቀስ ከመስማት ይመጣል፤ መብራት በሄደበት ሌሊት የራዲዮ ድምፅ እንደመስማት ያለ ፍርሃት ነው።

የውጭ ሐያስያን ይህን ሰው የድኅረ ጥፋት ዘመን ተቅበዝባዥ ብለው ያዩት ይሆናል። የከተማችን ተመልካች ግን ሥራውን በስም ያውቀዋል፦ ሰውየው ቆራሌ ነው። «ቆርቆሮ ያለው» የሚለው ጥሪ በመንገድ ብዛት አጥሮ «ቆራሌው» የሆነበት ሙያ ነው። ቆራሌ ሠፈር ለሠፈር ዞሮ ያለቀለትን ብረት፣ የተሰበረ ጀሪካን፣ የተጣለ ጠርሙስ ይገዛል። የእሱ ዕውቀት ሌላው ሰው ዋጋ የለውም ያለውን ዋጋ መተመን ነው። በፊልሙም የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ ወደ ዕቃ ገዢ ይቀርባሉ። ገዢው ለእያንዳንዱ ዕቃ የተሳሳተ፣ ግን የገነነ ታሪክ ይነግረዋል። በርዲ ደግሞ በማይክል ጆርዳን ምስል ፊት ትጸልያለች። የፊልሙ ምርጥ ሐሳብ ይህ ነው። ዓለም ሲያልቅ የሚቀረው የምዕራቡ ዓለም ሐሳብ ሳይሆን ፕላስቲኩ ነው፤ ፕላስቲኩም በእኛ እጅ ጽላት ይሆናል።

ላንሶ ይህን ሲያሳይ ሳያውቅ የቆየ የኢትዮጵያ የንግድ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። የፊልሙ መክፈቻ የተቀረጸው በዳሎል ነው፤ ሰውየው የፕላስቲክ የገና ዛፍ ይዞ በቢጫው መሬት ላይ ይሄዳል። ካሜራው ቦታውን ሌላ ፕላኔት አድርጎ ያቀርበዋል። ለአፋር ጨው ቆራጭ ግን ዳሎልና አካባቢው ፕላኔት ሳይሆን የሥራ ቦታ ነው፤ የአሞሌ ጨው አገር ነው። አሞሌ ከዚያ በረሃ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ እስከ ምዕራብ ገበያዎች ድረስ እንደ ገንዘብ ሲሠራ ኖሯል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። በአንድ ስፍራ ከመሬት የሚፈለፈል ድንጋይ፣ በሌላው ስፍራ ወርቅ ይገዛ ነበር። ዕቃ በርቀት ምክንያት ሌላ ማዕረግ ማግኘቱ ከዓለም ፍጻሜ በኋላ የሚመጣ ትንቢት አይደለም፤ አያቶቻችን በየገበያው ሲያደርጉት የነበረ ሒሳብ ነው። ልዩነቱ፣ አሞሌ የሚቀበለው ነጋዴ ጨው መሆኑን አልረሳም። የላንሶ ገጸ ባሕርያት ግን ረስተዋል፤ ፊልሙም ቀልዱን የሚያገኘው ከዚህ መርሳት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ነቀምቴው ብረት እመለሳለሁ። ሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ፣ ቦንያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በጥቁር አንበሳ አርበኞች ተቃጠሉ። የጣሊያኑን ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ከመጡት አብዛኞቹ ሞቱ። ከሰማይ የወረደው ማሽን እንግዳ ነበር፤ የሚያስፈራም ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለው የጣሊያን ማሽን ብረት ከወደቀ በኋላ በሙዚየሙ ከነባለቤቱ፣ ከነዓላማው፣ ከነፍጻሜው ተመዘገበ። አልተመለከም፤ አልተረሳምም። ስለዚህ «ክረምብስ»ን ከወለጋ የሚያይ ሰው ይጠይቃል፦ በዚህች ምድር ይህን ሁሉ ዕቃ የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ እንኳ እንዴት ጠፋ?

ክርክሩን የሚያለዝብ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዳንኤል ታደሰ ነው። የፊልሙ ጽሑፍ መርሳትን ቢጠይቀውም፣ ገላው እና አማርኛው አይረሱም። ሲለምን፣ ሲከራከር፣ ሲያፈቅር አነጋገሩ የምናውቀው ሰው አነጋገር ነው። ዓለም አልቃለች በተባለበት ቦታ የትሕትናው አነጋገር አለማለቁ ፊልሙን ከካርቱን ያድነዋል። የ«ክረምብስ» ኢትዮጵያዊነት ከዳሎል ቀለም ይልቅ በእሱ ድምፅ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» ሲታይ የጠፋው ነገር በጆሮ ይለያል። ዳንኤል አሁን የሲአይኤ ሰላይ ነው፤ የሶቪየት ቫይረስ ወዳጠቃው የኮምፒውተር ዓለም ይገባል። እዚያ ያሉት ሰዎች የታዋቂዎችን የወረቀት ጭንብል ያደርጋሉ፤ ቫይረሱም የስታሊንን ፊት ይዟል። ንግግሩ በአመዛኙ በኋላ የተለጠፈ፣ ሆን ተብሎ ከከንፈር ያልገጠመ እንግሊዝኛ ነው። ቀልዱ ከድሮ ርካሽ የስለላ ፊልሞች የተወሰደ ነው፤ በራሱ ሚዛን የተሳካ ነው። ግን ቆራሌው ድምፁን አጥቷል። «ቤታ ኢትዮጵያ» የተባለው አገርም የመቀለጃ መድረክ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጣው «ኢንፊኒት ሰመር» ደግሞ በኢስቶኒያዋ ታሊን ላይ፣ በወጣት ሴቶች የበጋ ዕረፍት ዙሪያ የተሠራ ነው። ላንሶ ወደ ኢስቶኒያ መሄዱ ጥፋት አይደለም፤ አርቲስት እንደ አሞሌ ነጋዴ መንገደኛ ነው። የሚያሳስበው ከኋላው በተከፈተው በር የኛዎቹ ገና በበቂ ሁኔታ አለመግባታቸው ነው።

የላንሶ ጉዞ ያረጋገጠው አንድ ነገር አለ፦ ለሳይንሳዊ ልቦለድ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሳይሆን የተተወ ቤት፣ ያረጀ አሻንጉሊትና ጥሩ ተዋናይ ይበቃል። ነቀምቴ፣ ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ ሦስቱንም አያጡም፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያወራ ቆራሌም አያጡም። በላንሶ ፊልም መንኮራኩሩ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል። በቦንያ ግን የሰማዩ ማሽን አንዴ መሬት ወርዷል፤ ሰዎች በሌሊት ቀርበውታል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚተርክ አለ። የሚቀጥለው ፊልም ከዚያ ሌሊት ቢጀምር፣ ገጸ ባሕርያቱ ስለ ዕቃው የተሳሳተ ታሪክ መፍጠር አያስፈልጋቸውም።